አልፈታም ያለችው ንግሥት

ኦገስት 15 ቀን 1193 ነው። በሰሜን ፈረንሳይ በአሚየን ከተማ፣ ዛሬ ጎብኚ የሚጎርፍበት ታላቁ ካቴድራል ገና ሳይታነጽ በነበረው አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ጳጳሳትና መሳፍንት ተሰብስበዋል። በላቲኖች ዘንድ ዕለቱ የእመቤታችን የፍልሰታ በዓል ነው። ከመንበሩ ፊት የቆሙት ሁለቱ ሰዎች የተጋቡት ትናንት ነው። ወንዱ የፈረንሳይ ንጉሥ ዳግማዊ ፊሊፕ ነው፤ ሃያ ስምንት ዓመት ሊሞላው የቀረው ስድስት ቀን ነው። ሴቲቱ ከዴንማርክ ባሕር ተሻግራ የመጣች፣ አሥራ ስምንት ዓመት ገደማ የሆናት ኢንገቦርግ ናት። ዛሬ ቅብዐ መንግሥት ተቀብላ ዘውድ ትጭናለች።

ጸሎቱ ሳያልቅ ንጉሡ ፊቱ ገረጣ። ሰውነቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ወደ ሙሽራዪቱ ለማየት እንኳ አቃተው። በአጠገቡ የነበሩት ሥርዓቱ እስኪፈጸም ደግፈው አቆዩት። ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣ ልጅቱን አጅበው የመጡትን የዴንማርክ መልእክተኞች አስጠርቶ ይዘዋት እንዲመለሱ ጠየቃቸው። መልእክተኞቹ አልተቀበሉትም። አደራቸውን አድርሰዋል፤ ልጅቱ ከእንግዲህ የፈረንሳይ ንግሥት ናት። ጓዛቸውን ጠቅልለው ወጡ። እሷ ቋንቋውን በማታውቀው አገር፣ ዘመድ በሌላት ቤተ መንግሥት ብቻዋን ቀረች። ሚስት ሆና ያደረችው አንዲት ሌሊት ነው።

በዚያች ሌሊት ምን ሆነ? ይህን ጥያቄ ሰው ስምንት መቶ ዓመት ሲጠይቀው ኖሯል። የእንግሊዙ ታሪክ ጸሐፊ የኒውበርው ዊልያም በዘመኑ ሲወራ የሰማውን ሰብስቦ ጽፎታል። አፏ ይሸታል ያለ አለ። የተሰወረ የአካል ጉድለት አለባት ያለ አለ። ድንግል ሆና አልተገኘችም ያለም አለ። የኋላ ዘመን ጸሐፊዎች ደግሞ ፊታቸውን ወደ ንጉሡ አዙረው፣ በ1191 በመስቀል ጦርነት ዓካ ላይ ሳለ ፀጉሩና ጥፍሩ እስኪረግፍ ታሞ እንደነበር በማስታወስ መንፈሱ ተረብሾ ይሆናል ብለዋል።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ጥያቄው ራሱ የተጣመመ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ነውሩ ከየት እንደመጣ ሲፈለግ ሁሉም መጀመሪያ የሚፈትሸው የልጅቱን ገላ ነው። ያዩዋት ሰዎች ግን ነውር አላወሩባትም። የንጉሡ የራሱ ታሪክ ጸሐፊ መነኩሴው ሪጎር መልካምነቷን መስክሯል። የቱርኔው ጳጳስ እስጢፋኖስ፣ አውሮፓ ያከበራቸው የሕግ ሊቅ፣ መልኳንና ጠባይዋን ከመጽሐፍ ቅዱስ ደጋግ ሴቶች ጋር እያነጻጸሩ ጽፈዋል። ንጉሡም ቢሆን በጳጳሳቱ ፊት ያቀረበው ምክንያት ከገላዋ ጋር የሚገናኝ አልነበረም። ስለዚህ ያችን ሌሊት እንደተዘጋች ልተዋትና ከዚያ በኋላ የመጡትን ሃያ ዓመታት ልከተል። የኢንገቦርግ ሥራ ያለው እዚያ ነው።

ጋብቻው የተፈለገው ለመርከብ ነበር። ፊሊፕ የመጀመሪያ ሚስቱን የኤኖዋን ኢዛቤል በ1190 በወሊድ አጥቷል፤ መንታዎቹም አልተረፉም። የቀረው አንድ ትንሽ ልጅ ሉዊ ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ ይታመማል። አንድ ወራሽ ብቻ ያለው ንጉሥ እንቅልፍ የለውም። ጠላቱ የእንግሊዙ ንጉሥ አንበሳ ልቡ ሪቻርድ ደግሞ ከመስቀል ጦርነት ሲመለስ ተይዞ በጀርመን ምድር እስረኛ ነው። እንግሊዝን ለማጥቃት እንዲህ ያለ ቀን አይገኝም። የዴንማርክ ነገሥታት ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት እንግሊዝን ገዝተዋል፤ የቆየ የዙፋን ይገባኛልና ጠንካራ የባሕር ኃይል አላቸው። ፊሊፕ ሁለቱንም ከሙሽራዪቱ ጋር ማግኘት ፈለገ። የኢንገቦርግ ወንድም ንጉሥ ክኑድ ስድስተኛ መርከብ አልሰጥም አለ፤ በምትኩ 10,000 ማርክ ብር ሊከፍል ተስማማ። ማርክ ያን ጊዜ የክብደት መለኪያ ነው፤ ብሩ ሲመዘን ከሁለት ቶን ያልፋል። አባቷ ቀዳማዊ ቫልደማር፣ ዴንማርኮች ታላቁ የሚሉት፣ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። እናቷ የሚንስኳ ሶፊያ በሕይወት አለች።

ሙሽራዪቱ በሠርጉ ማግሥት ፓሪስ አጠገብ ወዳለው ወደ ሳን ሞር ገዳም ተላከች። አገሯ እንድትመለስ በግልጽም በስውርም ተነገራት። አልሄድም አለች። ሕግ አማካሪ አልነበራትም፤ የሚመክራት ዘመድም አልነበረም። ነገር ግን አንድ ነገር ጠንቅቃ የተረዳች ይመስለኛል፤ በገዛ እግሯ ከፈረንሳይ ከወጣች ያኔ በእርግጥ ተፈታች ማለት ነው።

የሰባት ቤት ቆጠራ

ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ኖቬምበር 5 ቀን፣ በኮምፒዬን ጉባኤ ተጠራ። ሰብሳቢው የሬምስ ሊቀ ጳጳስ ጊዮም ናቸው፤ የንጉሡ አጎት። ከመጡት ጳጳሳትና መሳፍንት አብዛኞቹ የንጉሡ ዘመዶችና ታማኞች ናቸው። በፊታቸው የተዘረጋው የዘር ሐረግ ነው።

የላቲን ቤተ ክርስቲያን ሕግ በዚያ ዘመን እስከ ሰባተኛ ትውልድ የሚዛመዱ ሰዎችን ጋብቻ ይከለክላል። ክልከላው በሥጋ ዝምድና አያበቃም፤ የሞተች ሚስት ዘመድም ለባልየው እንደ ዘመድ ይቆጠራል። ለእኛ አንባቢ ይህ እንግዳ አይደለም። በአገራችን ሽማግሌዎች የልጃገረዲቱንና የጎረምሳውን ሰባት ቤት ሳይቆጥሩ ጋብቻ አይጸናም፤ ብዙ ቤተሰብ ዛሬም ይህን ይጠብቃል። ልዩነቱ የሚቆጠርበት ሰዓት ነው። እዚህ ቆጠራው ከሠርግ በፊት ነው፤ ዓላማው ልጆቹን መጠበቅ ነው። የዚያ ዘመን የአውሮፓ ነገሥታት ግን መጀመሪያ ያገቡና ሚስት ሲሰለቻቸው ያስቆጥራሉ። ሰባት ትውልድ ወደ ላይ ከተወጣ በመሳፍንቱ መካከል የማይዛመድ አይገኝም፤ መቁጠር የፈለገ ምክንያት አያጣም። የፊሊፕ አባት ሉዊ ሰባተኛም በ1152 ከአኪቴኗ ኤሌኖር የተለያየው በዚሁ መንገድ ነው። ፊሊፕ የተወለደው ከዚያ በኋላ ከመጣች ከሦስተኛዪቱ ሚስት ነው፤ ይህን በር ከልጅነቱ ያውቀዋል።

በኮምፒዬን የቀረበው ሐረግ ኢንገቦርግን ከሟችዋ ኢዛቤል ጋር ያዛምዳል። የንጉሡ ሰዎች እጃቸውን አንሥተው ማሉ። ሊቀ ጳጳሱ ጋብቻው ከመጀመሪያውም እንዳልነበረ ይቆጠር ብለው ፈረዱ። ይህ ሁሉ ሲሆን ኢንገቦርግ እዚያው ተቀምጣ ነበር። ፈረንሳይኛ አታውቅምና የሚባለውን አልተከታተለችም። ፍርዱን አስተርጓሚ ሲነግራት አለቀሰች፤ ከዚያም በምታውቀው ጥቂት ላቲን ፈረንሳይን ክፉ ብላ፣ የሮማን ስም ደጋግማ ጮኸች።

በንዴት የወጣ ጩኸት ይመስላል፤ ነገር ግን ሕጋዊ ይግባኝ ነበር። ጉዳዩ ከንጉሡ አጎት እጅ ወጥቶ ወደ ሮማው ጳጳስ የሄደው በዚያ አፍታ ነው። በማታውቀው ቋንቋ ተከስሳ፣ በማታውቀው ቋንቋ ተፈርዶባት፣ በሁለት ቃል ይግባኝ ያለች የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ናት። የንጉሡ ሊቃውንት ይህን የጠበቁት አይመስለኝም።

በዴንማርክ የኤቤልሆልት ገዳም አበምኔት ዊልያም፣ ትውልዳቸው ፈረንሳዊ የሆኑ አረጋዊ፣ የዴንማርክን ነገሥታት ትውልድ አንድ በአንድ ጽፈው የኮምፒዬኑ ሐረግ ስሕተት መሆኑን አሳዩ። ጋብቻውን ካደራደሩት አንዱ ስለነበሩ ነገሩ አንገብግቧቸዋል። ከዴንማርኩ ቻንስለር ከአንድሬአስ ሱነሰን ጋር ሮም ድረስ ሄደው አቤት አሉ። ሲመለሱ ግን በፊሊፕ ትእዛዝ ዲዦን ላይ ተይዘው ታሰሩ። በ1195 ፖፕ ሰለስቲን ሦስተኛ የኮምፒዬኑን ፍርድ ሻሩ፤ ፊሊፕ ሌላ ሚስት እንዳያገባም ከለከሉ። ጳጳሱ ያኔ የደከሙ ሽማግሌ ነበሩ። ፊሊፕ ከቁም ነገር አልቆጠራቸውም።

ንጉሡ ሙሽራ ፍለጋ ወጣ። ስሙ ግን ቀድሞት ደርሷል፤ የተጠየቁ ቤተሰቦች ሴት ልጃቸውን ለእንዲህ ያለ ሰው ለመስጠት ፈሩ። በመጨረሻ የሜራኒያ መስፍን ልጅ አግኔስ ተገኘችና በጁን 1196 ተጋቡ። ለአግኔስ አዝንላታለሁ። ጋብቻዋ እውነተኛ መስሏት የመጣች፣ በፍቅር የኖረች፣ ልጆች የወለደች ሴት ናት። በእሷ ላይ የተሠራው በደልም የፊሊፕ ነው።

ኢንገቦርግ በነዚህ ዓመታት ከገዳም ገዳም ተዘዋወረች። ከሁሉ ይበልጥ የምናውቀው ቱርኔ አጠገብ ስላለው ስለ ሲዝዋን ገዳም ነው፤ ጳጳስ እስጢፋኖስ ጎብኝተዋት የጻፉት ደብዳቤ አለና። ከማለዳ እስከ ቀትር ትጸልያለች፤ ከዚያ ታነባለች ወይም የእጅ ሥራ ትሠራለች፤ ጨዋታና ቁማር አታውቅም። ስትጸልይ ታለቅሳለች። የምትበላው ስላጣች ልብሷንና ዕቃዋን እየሸጠች ትኖራለች። ጳጳሱ ይህን የጻፉት ኮምፒዬን ላይ ለፈረዱት ለሬምሱ ሊቀ ጳጳስ ነው፤ ልባቸው ይራራ እንደሆነ ብለው። የንጉሥ ልጅ፣ የንጉሥ እኅት፣ የተቀባች ንግሥት ለዕለት ጉርሷ ቀሚስ ትሸጥ ነበር።

ደወል ያልተሰማባቸው ወራት

በጃንዋሪ 1198 ሰለስቲን ሞቱ፤ በምትካቸው የሠላሳ ሰባት ዓመቱ ኢኖሰንት ሦስተኛ ተመረጡ። የተማሩና ብርቱ ሰው ናቸው፤ የጳጳስ ሥልጣን ከነገሥታት በላይ መሆኑን ከልብ የሚያምኑ። የኢንገቦርግ ጉዳይ ለዚህ እምነታቸው ታላቅ መፈተኛ ሆኖ ደረሰላቸው። ያደረጉት ሁሉ ለእሷ ብቻ ተብሎ የተደረገ አይደለም፤ እሷም ይህን ሳታውቅ አትቀርም። ግን ሌላ ደጅ የሚጠናበት አልነበራትም።

ፊሊፕ አግኔስን እንዲያርቅ ታዘዘ፤ እምቢ አለ። የጳጳሱ እንደራሴ የካፑዋው ጴጥሮስ በዲሴምበር 1199 በዲዦን ጉባኤ አድርገው ግዘቱን አወጡ፤ ከጃንዋሪ 1200 ጀምሮ ጸና። የተገዘተው ምድሩ ነው። ቤተ ክርስቲያን ተዘጋ፤ ቅዳሴ ቀረ፤ ደወል ዝም አለ። ሕፃን ይጠመቃል፤ ሊሞት የደረሰ ይናዘዛል፤ ሬሳ ግን በተባረከ መሬት አይቀበርም። የንጉሥ ጋብቻ በአንድ ገበሬ የእናት ቀብር ላይ ሲወድቅ ማሰብ ነው። ሰዎች ስለዚያች ባዕድ ሴት ምን ይሉ እንደነበር ለመገመት አያዳግትም። ለውርደቷ የአገር ቁጣ ተጨመረበት።

የፓሪሱ ጳጳስ ኦድ ደ ሱሊን የመሳሰሉ ለግዘቱ ታዘዙ። ሌሎች ለንጉሡ አደሩ። ፊሊፕ የታዘዙትን ከመንበራቸው አባረረ፤ ንብረታቸውንም ወሰደ። ጳጳስ የማያዝበት ሳላዲን ምንኛ የታደለ ነው ብሎ ነበር ይባላል። ግዘቱ የራሱን ቤትም አልማረም። በሜይ 1200 ልጁ ሉዊ የካስቲሏን ብላንሽ ሲያገባ በፊሊፕ ምድር ላይ ሠርግ የሚባርክ ካህን አልተገኘም፤ ሙሽሮቹ ግዘት ወደሌለበት፣ የእንግሊዝ ንጉሥ ወደሚገዛው ወደ ኖርማንዲ ተሻግረው ተጋቡ።

በሴፕቴምበር ፊሊፕ እጁን የሰጠ መሰለ። አዲሱ የጳጳሱ እንደራሴ ካርዲናል ኦክታቪያን ባሉበት ኢንገቦርግን ተቀበለ፤ ግዘቱ ተነሣ፤ ደወሎች ተደወሉ። ነገር ግን ያን ለማየት የመጣው ሕዝብ ሲበተን እሷ ተመልሳ ተዘጋባት። አግኔስም ነፍሰ ጡር ናት በሚል ከአገር አልወጣችም።

የጋብቻው ጉዳይ በሙሉ እንደገና ይታይ ተባለና በማርች 1201 በስዋሶን ትልቅ ጉባኤ ተቀመጠ። የዴንማርክ ሊቃውንት መጡ፤ የንጉሡም ጠበቆች መጡ። ክርክሩ ቀናት ፈጀ። ፍርዱ ወደ ኢንገቦርግ እያዘነበለ መሆኑ ለሁሉም ታወቀ። ከዚያ አንድ ማለዳ ፊሊፕ ሳይታሰብ እሷ ወዳረፈችበት የእመቤታችን ገዳም በፈረስ መጣ። ሚስቴ ናት፤ ከእሷ መለየት አልፈልግም ብሎ ለጉባኤው ላከ። ፈረሱ ላይ ከኋላው አፈናጥጧት ከከተማ ወጣ። ጳጳሳቱ የሚፈርዱበት ጉዳይ ከእጃቸው ጠፋ፤ ባል ሚስቴ ናት ካለ ምን ይፈረዳል?

ይህን የፊሊፕን ዘዴ አንዳንድ ጸሐፊዎች በአድናቆት ይተርኩታል። እኔ ግን ከኋላው የተቀመጠችውን አስባለሁ። ከስምንት ዓመት በፊት ከሠርጉ ሌሊት ወዲህ ይህን ያህል ቀርቧት አያውቅም። ሊወዳት ይሆን ብላ ተስፋ አድርጋ ይሆናል። ያደረሳት ወደ እስር ቤት ነው።

ኤታምፕ

ከፓሪስ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በኤታምፕ ከተማ ኮረብታ ላይ፣ አራት ክብ ግንቦች እንደ አበባ ቅጠል ተጋጥመው የተሠራ የድንጋይ ማማ ዛሬም ፈራርሶ ይታያል። ነዋሪዎቹ ጊኔት ይሉታል። የንጉሥ ግምብ ነበር። ኢንገቦርግ ለአሥራ ሁለት ዓመታት ያህል የታሰረችው በኤታምፕ ነው።

አግኔስ በጁላይ 1201 ሞተች። ከእንግዲህ ዕንቅፋት የለም ተብሎ ሊታሰብ ይችላል፤ ፊሊፕ ግን ኢንገቦርግን ሊያያት አልወደደም። ኢኖሰንት በዚያው ዓመት የአግኔስን ሁለት ልጆች፣ ማሪንና ፊሊፕን፣ ሕጋዊ ወራሾች አደረጓቸው። ልጆቹ ምንም አላጠፉም፤ ውሳኔው ለእነሱ ምሕረት ነው። ለእስረኛዪቱ ግን ወዳጇ ጳጳስም ከንጉሡ ጋር እንደሚደራደሩ የነገራት መሆን አለበት።

በ1203 ከግምቡ አንድ ደብዳቤ ወጥቶ ሮም ደረሰ። በኢንገቦርግ ስም ከተጻፉት ሁሉ ልብ የሚነካው ይህ ነው። ሊጠይቃት የሚደፍር ሰው የለም። የሚያጽናናት ካህን እንዲገባ አይፈቀድም። ከአገሯ የሚመጣ መልእክተኛ አያገኛትም፤ ደብዳቤም አይደርሳትም። ምግቧ አንዳንዴ አይበቃም። መድኃኒት የለም፤ ደም እንድታስወጣ ስለማይፈቀድላት ዓይኗ እንዳይጠፋ ትሰጋለች። ገላዋን መታጠብ ተከልክላለች። ልብሷ ጥቂት ነው፤ ለንግሥትም አይሆንም። በዙሪያዋ ያሉት ክፉ ቃል የሚናገሯት ተራ ጠባቂዎች ናቸው።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ልመና አለ። ሰዎቹ ይህን የሚያደርጉባት እንድትፈርም፣ እንድታምን ወይም እንድትመነኩስ መሆኑን ታውቃለች። ስለዚህ አንድ ቀን በማስፈራራት ወይም በሴት ድካም ተሸንፋ መብቷን የሚጎዳ ቃል ብትናገር፣ ያ ቃል እንደ ከንቱ እንዲቆጠር ጳጳሱን አስቀድማ ትጠይቃለች። ሰው ራሱን ባወቀ ጊዜ እንዲህ ይጽፋል። ጽናቷ ሊያልቅ እንደሚችል አልደበቀችም፤ ሲያልቅ እንኳ እንዳትሸነፍ በሕግ አጥር አጠረች። ጸሐፊዎች ስለ ትዕግሥቷ ብዙ ያወራሉ፤ እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ጥንቃቄዋ ነው። ዘጠኝ ዓመት ስትከሰስ የኖረች ሴት ከሳሾቿ የሚሄዱበትን መንገድ ሁሉ ተምራዋለች።

ፊሊፕም መንገዱን ይቀያይር ጀመር። ዝምድናው አላዋጣ ሲል አስማት ተደርጎብኛል፣ ከእሷ ጋር እንደ ባል መሆን አልቻልኩም አለ። ያልተፈጸመ ጋብቻ በቤተ ክርስቲያን ሕግ ሊፈርስ ይችላልና። እሷን ጠየቋት። በዚያች ሌሊት ተፈጽሟል ብላ ማለች። አንዱ አዎ አንዱ አይደለም ባለበት ኢኖሰንት ማፍረስ አልቻሉም። ትመንኩስ ተባለ፤ አልመነኩስም አለች። ከግምብ ወጥቶ በገዳም እመምኔት ሆኖ መኖር በእርግጥ የሚያሳርፍ ነበር። ለሷ ግን ቆቡን መጫን ማለት ንጉሡ ነጻ ሆኖ ሌላ ሊያገባ ይችላል ማለት ነው።

በቀን ምን ታደርግ ነበር? ዳዊት ትደግማለች ብንል አንሳሳትም። የዳዊት መጽሐፏ ዛሬ ከፓሪስ በስተሰሜን በሻንቲዪ በኮንዴ ሙዚየም ይገኛል። በ1195 ገደማ የተሠራ ብራና ነው፤ ሙሉ ገጽ ሥዕሎቹ በወርቅ መደብ ላይ ያበራሉ፤ የዚያ ዘመን የፈረንሳይ ሥዕል ቁንጮ ተብሎ ይጠቀሳል። በመጀመሪያው ላይ ባለው የበዓላት መቁጠሪያ ውስጥ የአባቷና የእናቷ ዕረፍት ተጽፏል፤ በነዚያ ቀናት ታስባቸው ዘንድ። በአገራችን ተዝካር የሚዘከርበትን ቀን በዳዊት ጫፍ የሚጽፉ እናቶችን ያየ ሰው ይህን ገጽ ያለ አስተርጓሚ ያነበዋል።

ነጻነቷ የመጣው እንደ ጋብቻዋ በመርከብ ምክንያት ነው። በ1213 ፊሊፕ እንግሊዝን ሊወርር ተነሣ። የእንግሊዙ ንጉሥ ጆን ከጳጳሱ ተጣልቷል፤ ፊሊፕ የቤተ ክርስቲያን ወገን ሆኖ መታየት አለበት፤ ዴንማርክም ጠላት እንዳትሆን ያስፈልጋል። በኤፕሪል ኢንገቦርግን ንግሥት አድርጎ እንደሚቀበላት አስታወቀ። ሕዝቡ ተደሰተ። ሃያ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ሲቀሩ ከግምቡ ወጣች፤ ዕድሜዋ ወደ ሠላሳ ስምንት ደርሷል። እንደ ሚስት ወደ መኝታው አልጠራትም፤ ልጅም አልወለደችም። ክብሯ፣ ማዕረጓና ገቢዋ ግን ተመለሰላት። ንጉሡ የመለሰላት ለእሷ ብሎ አልነበረም፤ ቢሆንም መመለስ የቻለው እሷ ስላልለቀቀች ነው። በ1196 አገሯ ገብታ ቢሆን ኖሮ በ1213 የሚመለስ ነገር አይኖርም ነበር።

የእንግሊዝ ወረራ አልተሳካም። በጁላይ 27 ቀን 1214 ግን ፊሊፕ በቡቪን ሜዳ የጀርመኑን ንጉሠ ነገሥትና አጋሮቹን ድል ነሣ፤ የፈረንሳይ ታላቅነት የሚጀምረው ከዚያ ቀን ነው ይባላል። ይህ ድል በኢንገቦርግ ዳዊት መቁጠሪያ ላይ በቀኑ ተጽፏል። በዚያ ገጽ የአሳሪዋ ድል ከአባቷና ከእናቷ መታሰቢያ እኩል ይነበባል።

በቀጣዩ ዓመት ኢኖሰንት በላተራን ጉባኤ የዝምድናውን ክልከላ ከሰባት ትውልድ ወደ አራት አወረዱ። የኢንገቦርግ ክርክር ብቻውን ይህን አመጣ ማለት አይቻልም፤ ሕጉ ለአላጋጮች መሣሪያ ሆኖ ብዙ ጋብቻ አፍርሷል። ጳጳሱ ግን ለአሥራ አምስት ዓመታት የእሷን ጉዳይ ሲያዩ የኖሩ ሰው ናቸው።

ፊሊፕ በጁላይ 1223 ሞተ። ከአንድ ዓመት በፊት ባስጻፈው ኑዛዜ ለኢንገቦርግ 10,000 የፓሪስ ሊቭር ተናዟል፤ ውድ ሚስቴ ብሎም ጠርቷታል። ቁጥሩ ወንድሟ ከከፈለው ከ10,000 ማርክ ጋር መመሳሰሉ የብዙ ታሪክ ጸሐፊዎችን ዓይን ስቧል። ማርኩ ከሊቭሩ ይበልጣልና ሒሳቡ አልተስተካከለም፤ የሃያ ዓመቱ ደግሞ ሒሳብ የለውም። ያም ሆኖ ሮም ባስተላለፈችው ፍርድም፣ በጳጳሳት ግዘትም ያልወጣው ቃል በመጨረሻ በራሱ ፈቃድ በብራና ላይ ወጣ።

ከዚያ በኋላ አሥራ ሦስት ዓመት ኖረች። ኦርሌያን የመበለትነት ርስቷ ሆና ገቢ ታስገባላት ነበር። የእንጀራ ልጇ ሉዊ ስምንተኛ፣ ከእሱም በኋላ ልጁ ሉዊ ዘጠነኛ፣ እንደ ንግሥት አከበሯት። ፓሪስ አጠገብ በኮርቤይ ባለች ደሴት ላይ ለቅዱስ ዮሐንስ ማኅበር መነኮሳት ገዳም ተከለች፤ ካህናቱ ስለ ፊሊፕ ነፍስ እንዲጸልዩ መተዳደሪያ ሰጠች። ይህን ስታደርግ ከልቧ ይቅር ብላ እንደሆነ ወይም የንጉሥ መበለት የሚገባትን እያደረገች እንደሆነ አንዱን መምረጥ አልፈልግም፤ ሁለቱም በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። በ1236 ሞታ የተቀበረችውም እዚያው በተከለችው ገዳም ነው። በመበለትነቷ ዘመን ባስጻፈቻቸው የስጦታ ደብዳቤዎች ራስ ላይ ስሟ ከነማዕረጉ ይገኛል፤ ኢንገቦርግ፣ በእግዚአብሔር ጸጋ የፈረንሳዮች ንግሥት።